ሰናይት የሄደችባት መኪና

መኪናዋ የቆመችው ከነዳጅ ማደያው አጠገብ፣ ጎማ ጠጋኞቹ በሚሠሩበት ግራር ሥር ነበር። መጀመሪያ ያስቆመኝ ማማሯ ነው። የድሮ የእንግሊዝ የቤት አውቶሞቢል ናት፤ እኛ ልጆች ሳለን እንኳ “አሮጌ” የምትባል ዓይነት። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ መብራቶቿ ክብ፣ ወገቧን ቀጭን የኒኬል መስመር የዞራት። ክሬም ቀለም ተቀብታ ስለተወለወለች የሚያልፈው ሁሉ መልኩን እያየባት ያልፋል። መስታወቷ ላይ በስዋሂሊ “ትሸጣለች” የሚል ካርቶን ተለጥፏል።

ሻጩ ጀማል የሚባል ወጣት ነው። ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የሚመጡ ደንበኞች ስላሉት አማርኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ ያወራል። “ካሪቡ ዳዳ፣ ነይ እህቴ፣ ማየት በነፃ ነው” አለኝና በሩን ከፈተልኝ። ኢሲዮሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ እየታቀፈባት እንዳገኛት፣ ሞተሯን አውርዶ እንደ አዲስ እንደሠራው፣ ወንበሮቿን ቆዳ እንዳለበሳቸው በኩራት ነገረኝ።

“ሁሉም ቀላል ነበር፤ ያስቸገሩኝ የኋላ በሮቹ ናቸው” አለ። “ከውስጥ መክፈቻ አልነበራቸውም። መስታወት ማውረጃውም የለም። ተሰብሮ ቢሆን ይገባኛል። ይሄ ግን ሆን ተብሎ ተፈትቶ፣ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፍኗል። ምን ዓይነት ሰው ነው በገዛ መኪናው እንዲህ የሚያደርገው?”

እጄ በሩ ላይ ነበር። የድሮ ቀለሟ ምን እንደነበር ጠየቅኩት።

“አመድማ” አለኝ። “ምነው? ታውቂያታለሽ እንዴ?”

እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። ለዛሬ ቸኩያለሁ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬው ሄድኩ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ የነበረው የአዲስ ቀለም ሽታ አልነበረም፤ የሞቀ ቆዳ፣ የቤንዚንና ከሁለቱ በላይ የሚያፍን የጣፋጭ ሽቶ ሽታ ነበር።

ልጅ እያለሁ ሞያሌ አሁን ካላት ስፋት ግማሽ አትሆንም ነበር። ኬንያ ውስጥ ሆነን በቆርቆሮ አጥራችን ቀዳዳ ኢትዮጵያን እናያለን። ከተማችን ጠዋት የሎሪ ናፍጣ፣ ቀን የፍየል፣ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ የቀይ አፈር ሽታ ነበራት። እናቴ ከማዶ ተሻግራ ያገባች ሴት ናት፤ የሎሪ ሹፌሮች የሚያርፉባት ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻት። ቦምቦሊኖ መሳዩ ማንዳዚ የሚጠበስበት ዘይት ሽታ ከዩኒፎርሜ ላይ አይጠፋም ነበር። አባቴ ጉዮ የቦረና ሰው ነው፤ ሎሪ ይነዳል፤ አንዳንዴ ወር ሙሉ አናየውም። ስለዚህ እኔ ቱሜ፣ ከእናቴ ጋር አማርኛ፣ ከአባቴ ጋር ቦረንኛ አወራለሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚፈቀደው። በቤቱ ቋንቋ ያወራ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበትና ሌላ ጥፋተኛ እስኪያገኝ ድረስ ተሸክሞት ይውላል። ያ እንጨት ስንት ቀን አንገቴ ላይ እንደዋለ የእኔ ዘመን የሞያሌ ልጆች ያውቁታል።

አክስቴ ጥሩነሽ የመጣችው ከማዶ መንግሥት በወደቀ ጊዜ ነው። የእናቴ ታናሽ ናት። ያኔ ወታደሩም ሲቪሉም በአንድ ላይ ድንበሩን ይሻገር ነበር፤ ብዙው ሰው ወደ ዋልዳ፣ ወደ ስደተኞቹ ካምፕ ተወሰደ። ጥሩነሽን ግን እናቴ “እህቴን ድንኳን ውስጥ አላሳድርም” ብላ አስቀረቻት። ወረቀት የላትምና ፖሊስ በሰፈሩ ሲያልፍ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ ትገባለች። ፖሊሱ ሲሄድ አቧራዋን አራግፋ ትወጣና ከእኛ ጋር ገመድ ትዘላለች። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ፣ ከሰፈሩ ሕፃናት ጋር ገመድ ስትዘል አስቡት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ፀጉሬን የምትሠራው፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። እኔ በሕይወቴ እንደሷ የወደድኩት ሰው አልነበረም።

መኪናዋ የመጣችው በትምህርት ቤት መዝጊያ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሞያሌ ሎሪና ላንድሮቨር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣባትም ነበር። አኩኩሉ ስንጫወት የተደበቀውም የሚፈልገውም ጨዋታውን ጥሎ ሮጠ። ከመኪናዋ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው ሰው ወረደ። መርሻ እባላለሁ አለ፤ እኛ “ጋሽ መርሻ” አልነው። ያኔ በአንቱታ ነበር የማናግረው፤ አሁን ግን አንደበቴ እምቢ ይለኛል፣ “እሱ” ብዬ ነው የምቀጥለው። ከናይሮቢ ነው የመጣሁት፣ ኑሮዬ እዚያ ነው፣ የአገሬን ልጆች ለመርዳት እመላለሳለሁ አለ። ለሕፃናቱ ከኪሱ ፒፒ አወጣ። ከረሜላው በዚያ የሱ ጣፋጭ ሽቶ ተለውሶ ነበር፤ ጥርሴ ሥር ሲሰበር ሽቶ ሽቶ አለኝ። ቢሆንም ዋጥኩት።

ሳምንት ያህል ከረመ። እናቴ ዘንድ እየመጣ ሻይ ይጠጣል፣ ከጥሩነሽ ጋር በጨዋ ደንብ ይጫወታል። እኛን በየተራ እየጫነ የሰፈሩን መንገድ ያዞረናል። ተራዬ ደርሶ ኋላ ስቀመጥ መስታወቱን ላወርድ ፈለግኩ፤ የሚሽከረከር ነገር የለም። በሩንም በዳሰሳ ፈለግኩ፤ የለም። ስጠይቀው ሳቀ። “እንዳንቺ ያሉ ልጆች ከፍተው እንዳይወድቁ ነዋ!” አለኝ። እውነት መሰለኝ። ለጓደኞቼ ሁሉ “ጋሽ መርሻ ለልጆች የሚያስብ ሰው ነው” ብዬ አወራሁ።

ጎረቤታችን አኮ ኤለማ ግን አልወደደችውም። “አኮ” በቦረንኛ አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ አያት ነበረች። አጥራችን ላይ ተደግፋ መኪናዋን ስታይ ትቆይና እናቴን ትጠይቃታለች። “ይሄ ሰው የማን ልጅ ነው?” እናቴ “የናይሮቢ ሰው ነው” ትላታለች። አኮ ኤለማ ራሷን ትነቀንቃለች። “ናይሮቢ ሰው አይወልድም። አባቱ ማነው? ጎሳው ማነው? ማን ያውቀዋል?” ከእኛ ሰፈር አንድ ሰው እንኳ አያውቀውም፤ ግን ሁሉም ጋሼ ይለዋል።

እናቴም ሙሉ በሙሉ አላመነችም ነበር፤ ይህን ልነግርላት እፈልጋለሁ። አንድ ማታ፣ ራት ስንበላ ለጥሩነሽ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል” ስትላት ሰምቻለሁ። መርሻ ውጭ አገር ወንድም እንዳለው፣ ጥሩነሽን ናይሮቢ ወስዶ ወረቀት እንደሚያወጣላት፣ ከዚያ ወንድሙ እንደሚያገባት ነግሯቸው ነበር። ፎቶግራፍም አሳይቷል፤ መነጽር ያደረገ፣ አበባ አጠገብ የቆመ ወንድ። እናቴ አባቴ እስኪመለስ ይጠበቅ አለች።

“ጉዮ መጥቶ ይየው፤ እሱ የመንገዱን ሰው ሁሉ ያውቃል።”

“ጉዮ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?” አለች ጥሩነሽ። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። “እቴቴ፣ እኔ እኮ ጆንያ ኋላ መኖር ሰለቸኝ። ትናንት ፖሊሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ መተንፈስ ፈርቼ ነበር። እስከ መቼ?”

እናቴ ገበታውን አነሳች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ቢኖራት ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ በሆነ።

የሄዱበትን ቀን ጠዋት አስታውሳለሁ። ሰማዩ ደመና የለበትም፤ ነፋስም የለም። ፍየሎቹ ከመንገድ ዳር አልነሳ ብለው ተኝተዋል። መኪናዋ ስትመጣ የፊት ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሰናይት ትባላለች፤ ከዋልዳ ካምፕ ነው ያመጣት። ከጥሩነሽ ታንሳለች፣ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ሹሩባዋ አዲስ ነው፤ እንደ ሙሽራ ተሠርታለች። እናቴ ሁለት ልጃገረዶች አብረው መሆናቸውን ስታይ ትንሽ ቀለል አላት። በዚያን ጊዜ ደቡብ የሚሄድ መኪና ሁሉ ሽፍታ ስለሚፈራ በወታደር ታጅቦ በሰልፍ ነበር የሚጓዘው። መርሻም ከሎሪዎቹ ሰልፍ ጋር እንደሚሄድ ማለላት።

እኔ አለቅስ ነበር። እናቴ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና “እስከ ኦዳ ሸኚያት፤ ከማማ ዳኪ ጋር ትመለሻለሽ” አለችኝ። ማማ ዳኪ ኦዳ ላይ ሱቅ ያላት የእናቴ ወዳጅ ናት፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ትገባለች። መርሻ “ችግር የለም፣ አወርዳታለሁ” አለና በእጁ የኋላውን በር ከፈተልን። ገባን። በሩን ራሱ ዘጋው። አኮ ኤለማ ከአጥሯ ሳትንቀሳቀስ ታየን ነበር፤ እጇን አላውለበለበችም።

ኦዳ ስንደርስ ማማ ዳኪ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ አየኋት። እኔ እጄን አነሳሁ፤ እሷም አነሳች። መኪናዋ አልቆመችም። ማማ ዳኪ እጇን እንዳነሳች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ በኋላው መስታወት አየሁት።

“ጋሽ መርሻ፣ ኦዳን አለፍነው እኮ። ልጅቷ እዚህ ነው የምትወርደው” አለች ጥሩነሽ።

“ወደፊት አወርዳታለሁ።”

“ወደፊት ምን አለ?”

ሰናይት ከፊት ዞር ብላ “ምናለበት፣ ትንሽ ትንሸራሸር” ብላ ሳቀችልኝ። ብዙም ሳንሄድ መርሻ ዋናውን መንገድ ለቆ በቁጥቋጦ መሐል ወደ ቦሪ በሚወስደው የከብት መንገድ ገባ። ጥሩነሽ ስለ ሰልፉ ጠየቀችው። “ሰልፍ ለሎሪ ነው፤ እኛ አቋራጭ እናውቃለን” አለ። ድምፁ ሻይ ቤት ውስጥ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ዓይኖቹን በትንሿ መስታወት ውስጥ አየኋቸው። መንገዱን ሳይሆን እኛን ነበር የሚያዩት።

ሙቀቱ ጨመረ። የኋላው መስታወት ዝግ ነው፤ ያ ሽቶ እዚያ ውስጥ ይፈላል። የጥሩነሽ እጅ በሩን ከላይ እስከ ታች ሲዳብስ አየሁ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና። መክፈቻው መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር። “አይዞሽ” አለችኝ፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ስንደርስ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ሰመጠች። መርሻ ሞተሩን አስጮኸው፤ ጎማዎቹ ተሽከርክረው ይበልጥ ተቀበሩ። እየተሳደበ ወረደና ሱፉን አውልቆ በእጁ ይጭር ጀመር። ሰናይትም ወርዳ በጎን ቆመች።

“ሰናዬ፣ እባክሽ ከውጭ ክፈችልን። ልጅቷ ልትታፈን ነው” አለቻት ጥሩነሽ።

ሰናይት እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፤ ግን አስቀድማ እሱን አየች። “ተያት!” አለ ከጎማው ሥር ቀና ሳይል። “ውጭው ይብሳል። ይቀመጡ።” ሰናይት እጇን ሰበሰበች። ተመልሳ ቦታዋ ገባች።

በዚያ ሰዓት ነው የከብት ደወል የሰማሁት። አንድ ሽማግሌና ሦስት ጎረምሶች ከብቶቻቸውን ወደ ውኃ እየነዱ ከቁጥቋጦው ወጡ። ጎረምሶቹ ጦር ይዘዋል፤ ሽማግሌው ረጅም ዱላ። መርሻ ፊቱን ወዲያው ቀይሮ በስዋሂሊ ሰላም አላቸው፣ ሲጋራ አወጣ፣ እንዲገፉለት በእጁ አሳየ። ስዋሂሊው እምብዛም አልገባቸውም። እሱ ደግሞ ከቦረንኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ሽማግሌው መኪናዋን ሊያዩ ዞር ዞር አሉና በእኔ በኩል መጡ፤ መስታወቱን በእጃቸው ጋርደው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

ጥሩነሽ ጆሮዬ ሥር መጣች። “ቱሜ፣ በአባትሽ ቋንቋ ንገሪያቸው” አለችኝ። “እየሳቅሽ ንገሪያቸው። ሰላም የምትያቸው አስመስይ። እየሳቅሽ፣ እሺ?”

ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ ዛሬም አላውቅም። “ነጋ!” አልኳቸው፤ ሰላምታ ነው። ከዚያ በቦረንኛ፣ የትምህርት ቤት መዝሙር እንደሚዘምር ልጅ ድምፄን ከፍ አድርጌ “አባባ፣ ይቺ አክስቴ ናት። ይሄ ሰው መውረጃዬን አሳለፈኝ። በሩ ከውስጥ አይከፈትም። እኛ ቤታችን መሄድ ነው የምንፈልገው” አልኳቸው።

የሽማግሌው ፊት ላይ ምንም አልተለወጠም። “የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ በዝግታ።

“የጉዮ፣ የሎሪ ሹፌሩ የጉዮ” አልኩና የአያቴን ስም፣ የጎሳችንን ስም፣ አባቴ እንዳስጠናኝ ደረደርኩላቸው።

ሽማግሌው ሕፃን እንዳሳቃቸው ሁሉ ጮክ ብለው ሳቁ። መርሻም አብሮ ሳቀ። “ምን አለች?” ብሎ በአማርኛ ጠየቀ፤ ጥሩነሽ “መኪናችን ታምራለች አለቻቸው” አለችው። ሽማግሌው ወደ ጎረምሶቹ ዞረው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ጎረምሶቹ ጥላ ፈልገው ቁጭ አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ለመርሻ በእጃቸው አስረዱት፤ መኪናዋ ከባድ ናት፣ ውስጥ ያለው ሰው ካልወረደ አትነሳም።

“ሴቶች እኮ ናቸው፣ ምን ይከብዳሉ?” አለ መርሻ። ማንም አልተነሳም። ፀሐይዋን አየ፣ የመጣንበትን መንገድ አየ። ላቡን ጠረገ። መጨረሻ ላይ መጥቶ በሩን ከፈተው።

ወረድን። ሽማግሌው እኔንና ጥሩነሽን ከጀርባቸው አደረጉን። ጎረምሶቹ ተነሥተው፣ ቃላቸውን ጠብቀው መኪናዋን ገፏት፤ በሁለት ግፊት ደረቅ መሬት ላይ ወጣች። መርሻ “ግቡ፣ እንሂድ” አለ። ሽማግሌው የተናገሩትን እኔ ተረጎምኩለት። “አይሄዱም ይላሉ።”

መጥቶ የጥሩነሽን ክንድ ያዘ። ከጎረምሶቹ አንዱ ጦሩን መሬት ላይ እንደተከለ አንድ እርምጃ ብቻ ቀረበ። መርሻ ክንዷን ለቀቀና ፈገግ አለ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ፈገግታ ነው። “እንግዲህ ዕድልሽን በገዛ እጅሽ ሰበርሽው” አላት፤ ሱፉን አራግፎ ለበሰ።

ጥሩነሽ ግን ወደ ሰናይት ሮጠች። “ነይ ውጪ! አብረን እንመለስ። ሰውየው ጥሩ ሰው አይደለም፣ አታይም እንዴ?” ሽማግሌውም “ቤታችን ቅርብ ነው፣ ወተት አለ፣ ማንም አይነካሽም በያት” አሉኝ፤ ነገርኳት።

ሰናይት ከመኪናዋ ወረደች። ልትቀር መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ የተጣመመውን የቀሚሴን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። ከዚያ ለጥሩነሽ፣ ሳትቆጣ፣ “ወዴት ልመለስ?” አለቻት። “ወደ ድንኳኑ? አንቺ እህት አለሽ። እኔ ማን አለኝ? መጥፎ ሰው ቢሆንም መንገድ ያውቃል።”

ራሷ ገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው። መኪናዋ ስትሄድ ሹሩባዋን ብቻ አየን፤ ቀጥሎ አቧራው ዋጣት፤ አቧራውም ቆይቶ ረገበ፤ ምንም አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ መጣች። ማማ ዳኪ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጣ ነግራት፣ ሁለቱ የከብት ነጋዴ ፒክአፕ ለምነው የጎማውን ዱካ እየተከተሉ መጡ። ሽማግሌው ቤት ወተት ጠጥተን ተቀምጠን ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ውኃ ለመነችና እግሬን አጠበችኝ። ለረጅም ጊዜ አጠበችኝ፤ አቧራው ካለቀ በኋላም አላቆመችም።

አባቴ ሲመለስ ለሽማግሌው ስኳርና ትምባሆ ጭኖ ሄደ፤ ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ እንደ አባቱ ነበር የሚጠይቃቸው። መኪናዋንም ፈለጋት። ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ፣ ሎሪው የቆመበት ቦታ ሁሉ “አመድማ የእንግሊዝ አውቶሞቢል፣ ከፊት ልጅ የተቀመጠችባት” እያለ ይጠይቅ ነበር። ዋልዳ ካምፕ ድረስም ሄዶ ለኃላፊዎቹ ነገራቸው። የሰናይትን ነገር የሚከታተል ዘመድ አልተገኘም። መርሻ እኔን ለምን እንዳላወረደኝ የገባኝ አድጌ ነው። ጥሩነሽ ናት የነገረችኝ፤ “ልጅ የያዘ መኪና ቤተሰብ ይመስላል፤ ኬላ ላይ ማንም አያስቆመውም” አለችኝ።

ጥሩነሽ ዛሬ ከማዶ ትኖራለች፤ ልብስ ትነግዳለች፤ ልጆቿ ደርሰዋል። ስለ መኪናዋ ደወልኩላት። “መጣሁ” ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ መጣች። ግራሩ ሥር ስንደርስ በኋላ በሮቹ በኩል አልሄደችም። በቀጥታ የፊቱን በር ከፍታ መቀመጫውን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ሕፃን ተኝቶበት እንደሆነ ሁሉ በቀስታ።

“እዚህ ነበር የተቀመጠችው” አለች።

ጀማል ደንበኛ ያገኘ መስሎት ቀረበ። “ማማ፣ እንዲህ ያለች መኪና ለሙሽራ ናት እኮ! በሪባን ስትታሰር አስቢያት። የሚገዛት ሰው ለሠርግ እያከራየ ይኖርባታል።”

ጥሩነሽ አየችው። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ያኔ አልተወለደም። “ያገኘህበት ግቢ ውስጥ፣ የማን ነበረች ብለህ ጠይቀሃል?” አለችው።

“ጠይቄ ነበር። ባለቤቷ ከሞተ ቆየ አሉኝ። ዘመድ አልነበረውም።”

“ሴት ልጅስ? ሰናይት የምትባል?”

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። “ተወው” ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ጥሩነሽ በሩን ዘጋችው፤ ሳታላትም፣ ሰው እንዳይቀሰቀስ እንደሚዘጋ በር።

ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ቆመን አውቶቡሱ እስኪያልፍ ጠበቅን። ይሄ መንገድ በእኛ ጊዜ አልነበረም። ያኔ ናይሮቢ ለመድረስ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ አቧራው፣ ሽፍታው፣ ጭቃው። መንገዱ ሲሠራ እኔም እንደ ሰው ሁሉ እልል ብያለሁ፤ ዛሬ የታመመ ሰው በሰዓታት ሆስፒታል ይደርሳል፣ ልጆቼ የት እንዳሉ በስልክ አውቃለሁ። ግን አውቶቡሱን ተከትላ መስታወቷ የጠቆረ ነጭ መኪና በፍጥነት አለፈች፣ ወደ ደቡብ። ከኋላ የሁለት ራስ ጥላ ታየኝ፤ ነጠላ የለበሱ መሰለኝ። ጥሩነሽ እጄን ያዘችኝ። የድሮው መንገድ ስንቱን ሰው አማርሯል፤ እኛን ያዳነን ግን ክፋቱ ነው፣ አሸዋው ነው። በዚህ አስፋልት ላይ መኪና አይሰምጥም። ማንም ከብቱን አቁሞ ወደ ውስጥ አያይም፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

መኪናዋ ከዓይናችን እስክትጠፋ ድረስ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም።